በጨርቅ መለኪያ የተለካ ሽቦ

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ

አለቀ። ባሌ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ እጁ ግን እንደ አናጢ እጅ የረጋ ስለሆነ አመንኩት። «እትዬ ቶሞኤ፣ ዕጢውን ከነማንቁርቱ አውጥተነዋል። ሕይወቱ ተርፏል» አለኝ። ድምፁስ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ቀድሞ ነግሮናል። ከእንግዲህ ጁኪቺ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተችው ቀዳዳ ነው፣ የሚናገረውም ትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነው።

ጠዋት ሲያስገቡት የመጨረሻ ቃሉ «ካልሲዬን ረስተሻል» ነበር። እውነቱን ነው፣ ረስቻለሁ።

ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሕይወት አለ። ተመስገን። እንዳልረሳው ነው የምጽፈው።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

አውሎ ንፋሱ ሌሊቱን አልፏል። ሁለት የጣሪያ ክዳን ወርዷል። የጓሮው የቀርከሃ ምሰሶ ከወገቡ ተሰብሮ የጁኪቺ የሬዲዮ ሽቦ በአንድ በኩል ሽንኩርቱ ላይ ተጋድሟል። በሌላው በኩል ካኪ የምንለው የፍራፍሬ ዛፍ ላይ እንደታሰረ ነው። ፍሬው ብዙም አልረገፈም። አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው።

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

ከቤት ቤት የሚዞረው የሰፈሩ ማስታወቂያ ዛሬ እኔ ጋ ደረሰ። ንፋስ የሰባበረውን ሁሉ እስከ እሑድ አንሡ ይላል። አነሣሁ። የብረታ ብረት ሰብሳቢው መኪና ሲያልፍ ሽቦውንም ሰጠሁት፣ ሁሉንም። ጓሮው ጸዳ፣ ሰማዩም ሰፋ ብሎ ታየኝ።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

ጁኪቺ ሰሌዳው ላይ «ሽቦውስ?» ብሎ ጻፈ። ከነቃ ወዲህ ከ«ውሃ» ሌላ የጻፈው የመጀመሪያ ነገር ነው። «ንፋሱ ወሰደው» አልኩት። ትንሽ ሲያየኝ ቆየና በመዳፉ አጠፋው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምሰሶውን የሰበረው ንፋሱ አይደለም እንዴ? ምን ዋሸሁ?

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ልገዛ ቆሜ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። «ድምፅ የሌለው ባል ነው የምትዪኝ? አንዳንዷ ስትታደል እንዲህ ነው» አለች አንደኛዋ። ዞር ስል ደነገጡ። እንዳያፍሩ ብዬ አብሬያቸው ሳቅኩ። ቤት እስክደርስ ፊቴ ሲቃጠል ነበር። ምን ያስቃል?

ለጃንዋሪ በዓል የሚደርስ የአንዲት ልጅ ኪሞኖ ጀምሬያለሁ፤ ስፌቱ አይሄድልኝም። የእናቴ ትልቁ መቀስ ስለቱ ሁለት ቦታ ተሸርፏል፣ ሐሩን ይነክሰዋል። መቀስ የሚስል ሰው ጋ ብወስደው ምን ቆርጠሽበት ነው ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ የሚስልልኝ ጁኪቺ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ከሳጥኑ ግርጌ አስቀመጥኩትና በትንሹ መሥራት ያዝኩ።

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

ዛሬ ኦጋታ መጣ። ስሙን ሠላሳ ዓመት በግድግዳ አልፎ ሰምቼዋለሁ፣ ፊቱን ያየሁት ግን ሦስቴ ቢሆን ነው። ጁኪቺን ጨምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በሬዲዮ መነጋገሪያ ከሚገናኙት አምስት ሽማግሌዎች ስም ጠሪው እሱ ነው። ዳሌው ታሞ በዱላ ይሄዳል፤ በሁለት ባቡር ነው የመጣው።

«እትዬ ቶሞኤ፣ ሳልጠራ መጣሁ፣ ይቅርታ» አለ። ሻይ አቀረብኩለት። ሲያመነታ ቆየና፣ «ጠዋት ስም ስጠራ የእሱን አላልፈውም። ጠርቼው እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ ሌሎቹም ዝም ይላሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ» አለኝ።

«እንደማይመልስ እያወቃችሁ?»

«በድምፁ እንደማይመልስማ እናውቃለን። እጅ ግን አለው። በወጣትነቱ በሞርስ ምልክት መላክ ተፈትኖ አልፏል። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ስመታ ነው። እሱ ነጥብና ሰረዙን ይምታልኝ፣ እኔ ለሌሎቹ አነብላቸዋለሁ። ሽቦው ካለ ማለቴ ነው።»

ወጥቶ ጓሮውን አየ። ባዶውን ሰማይ ሲያይ ዱላውን ጠበቅ አደረገ። «ንፋሱ ክፉ ነበር» አለ።

«ክፉ ነበር» አልኩ።

ሄዷል፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? ሽቦውን ንፋሱ አልወሰደውም። መሰላል አቁሜ ወጥቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በእናቴ መቀስ። ቢፈታ ይፈታ ነበር፣ ቋጠሮውን አውቀዋለሁ፤ መፍታት አልፈለግኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ሰው በዚያች የራዲዮ ክፍሉ ሲስቅ በግድግዳ በኩል ሰማሁ። በሰሜን ጫፍ ላለ ሰው ስለ በረዶው፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ካኪው ይነግረዋል። እኔ ጋ ሲመጣ «ሻይ»፣ «ገላዬን ልታጠብ»፣ «ካልሲዬ»። ወደ ሆስፒታል የሄድን ጠዋት ገና ባልጠፋው ድምፁ አርባ ደቂቃ ተሰናበታቸው፣ እኔ ቦርሳ ይዤ በር ላይ ቆሜ። ሐኪሙ ድምፁ አይኖርም ሲለን አለቀስኩ፣ እውነተኛ ለቅሶ ነው። ግን ከለቅሶው ሥር አንድ ነገር «አሁንስ እኩል ሆንን» ብሎኛል። ያንን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ንፋሱ ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነው መቀሱን ያነሣሁት።

እነዚያ ሰዎች ደግሞ በየጠዋቱ እስከ አሥር ይቆጥሩለታል።

ጁኪቺ በ25 ይወጣል። ከዚያ በፊት ሽቦው ይሰቀላል። የምሰቅለውም እኔ ነኝ።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ለኦጋታ ቅዳሜ ደውዬለት ነበር፤ በማግስቱ የላከው አንድ ጥቅል ሽቦ ዛሬ በፖስታ ደረሰኝ። ከመሃል ወደ ቤት የሚወርደውን ገመድም ጨምሮበታል፣ ዋጋውን አልነግርዎትም ብሏል። ዕቃው ውስጥ ወረቀት አለ፦ «እኩል ሁለት ጎን ቆርጠው ገመዱ ጫፍ ላይ ካሉት ሁለት ጆሮዎች ጋር ይሰሩ። ርዝመቱ ጁኪቺ ደብተር ላይ አለ፣ የየጓሮው ይለያያል፣ እኔ አልገምትም።»

የራዲዮ ክፍሉን ከፈትኩ። የሱ ሽታ አለው፤ የእንጨት ቅባትና ትምባሆ። ደብተሩ ላይ በአናጢ እርሳስ «አንድ ጎን 33 ሻኩ ከ3 ሱን» ብሎ ጽፏል። በሜትር አስቦ አያውቅም፣ የድሮ አናጢ ነው፤ የሚለካው በድሮው ልክ በሻኩ ነው፣ አሥር ሱን አንድ ሻኩ። ሻኩ ደግሞ የእኔም ቋንቋ ነው። የቀርከሃ መለኪያዬን አወጣሁና ሽቦውን በረንዳው ላይ ዘርግቼ እንደ ሐር ጥቅል ለካሁት። ሁለቴ ለካሁ። እጄ ልክ ነው፣ በዚህ ሥራ አርባ ስድስት ዓመት ቆይቷል።

ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ጓሮው አይበቃም። ከካኪው ጀምሬ ስዘረጋው አጥሩን አልፎ ሦስት እርምጃ ጎረቤታችን እትዬ ኩዋባራ ግቢ ይገባል። እሱ እንዴት አድርጎ አስገብቶት ነበር? ምሰሶው ያዘነበለ ነበር መሰለኝ። ወይስ ጓሮውም እንደ እኔ ኮስምኗል?

እትዬ ኩዋባራ። ከሁሉ ሰው እሳቸው ይሁኑ? አሥራ አንድ ዓመት ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሰው ቤት ሲሠራ ወይም ሲያፈርስ ለጎረቤት እንደሚወስደው አዲስ ነጭ ፎጣ አስጠቅልዬ ሄድኩ። እትዬ ኩዋባራ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ፎጣውን ገለበጡት።

«አሥራ አንድ ዓመት ደጃፌን ያልረገጥሽ፣ ዛሬ ምን ልታፈርሺ ነው?»

«ልሰቅል ነው እንጂ። የጁኪቺን ሽቦ። ጫፉን ጥድዎ ላይ ባስረው ብዬ ነው።»

«ያንን ሽቦ?» አሉና ተቀመጡ፤ እኔንም አስቀመጡኝ። «የሱሞ ትግሉ መዝጊያ ቀን፣ ሁለቱ ሊያያዙ አጎንብሰው ሳለ፣ የባልሽ ሬዲዮ ጣልቃ ገብቶ ከቴሌቪዥኔ ውስጥ ‹እኛ ጋ ዝናብ ነው› አለ። እኔም ጓሮ እኮ ዝናብ ነበር። ማን ጠየቀው?»

«ይቅርታ ያድርጉልን። ያኔውኑ መምጣት ነበረብን።»

«ነበረባችሁ።» ፎጣውን መልሰው አጠፉት። «ካለፈው ወር ወዲህ ቴሌቪዥኑ ጸጥ ብሏል። ሱሞውን ከዳር እስከ ዳር አያለሁ።» ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ድምፁ ጨርሶ አይመለስም ያሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው እሰሪው። ቅርንጫፍ ብትሰብሪ ግን እንተያያለን።»

ወጥቼ አጥሩ ጥግ ስደርስ አለቀስኩ። ባይፈቅዱልኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ

ተሰቀለ! ክንዴ አይነሣም፣ ግን ልጻፈው።

ካኪው ላይ በመሰላል ወጣሁ። ለጥዱ ግን እትዬ ኩዋባራ መሰላል ከለከሉ። «ወድቀሽ ብትሞቺ ሬሳሽ የሚነሣው ከኔ ግቢ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሜ ይወጣል» አሉ። እኔም ያሰብኩበት ነበርና ከቤት ኦቴዳማ አመጣሁ፣ ልጅ ሳለን እየወረወርን የምንቀልባትን፣ ቀይ አደንጓሬ የተሞላች የጨርቅ ከረጢት። ጠንካራ የሐር ክር ሰፋሁባት። ከረጢቷ ቅርንጫፉን ትሻገራለች፣ ክሩ ገመዱን ይጎትታል፣ ገመዱ ሽቦውን።

አራት ጊዜ ወረወርኩ። አንዱ ጣሪያቸው ላይ ወጣ፣ አንዱ እኔኑ መታኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ከቤት አታስወጣሽም ነበር?» አሉና ተቀበሉኝ። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ከታች አወዛወዙ፣ ለቀቋት። ከረጢቷ ጥዱን በላዩ አልፋ ከወዲያ ማዶ ጠብ አለች።

«በትምህርት ቤታችን አንደኛ ነበርኩ» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ልጅ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆይቷል።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ሽቦውን ነው። ቀጭን መስመር፣ ድንቢጥ ተቀምጣበት። ስንት ሰው ለኔ ጥፋት ደከመ። አመሰግናለሁ ማለት ከጥፋቱ ጋር ስለሚመጣ ከአፌ አይወጣም፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ነርሶቹ ኮሪደር ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። «አሥራ አራት ቁጥር ዛሬም ሰሌዳውን አልነካውም።» «ሚስቱ ስትመጣስ?» «ስትመጣማ ጭራሽ ዓይኑን ይጨፍናል።»

አሥራ አራት ቁጥር ጁኪቺ ነው።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ቤት ነው። ልጃችን ናሆኮ ከናጎያ መጥታ በመኪናዋ አመጣችው። ከመኪናው ወርዶ ወደ ቤት አልገባም፣ ወደ ጓሮ ዞረ። ቀና ብሎ ሽቦውን አየ፣ ገመዱን እስከ ጥዱ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ ካኪው ጋ ሄደ። ግንዱ ላይ የአሮጌው ሽቦ ቋጠሮ ከነቁራጩ ቀርቷል፣ እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ረጅም ጊዜ ዳሰሰው።

ገብቶ ተቀመጠ። «የሰቀለችው እማዬ ናት እኮ» አለችው ናሆኮ። ራሱን ነቀነቀ። ሰሌዳውን አልወሰደም።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

የራዲዮ ክፍሉን በር አልከፈተም። አንድ ሰዓት ሲሆን ሻይ እቀዳለሁ፣ እሱ ጽዋውን ያያል። ኦጋታ አሁን እየቆጠረ ነው እላለሁ በልቤ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።

ስለ ቋጠሮው ልናገር አፌን ከፍቼ «ሾርባው ይሙቅ?» አልኩት።

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ

ካኪ ላጥን። እሱ በቢላው ይልጣል፣ እኔ በገመድ እሰካለሁ፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር እንዲደርቅ እንሰቅላለን። መቶ ሃያ ፍሬ። የሱ ልጣጭ ሳይበጠስ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን፤ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ «ሥራ አለኝ» ብሎ ይነሣ ነበር። ዝምታው ካለፈው ዝምታ ጋር አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ግን ልናገረው አልችልም።

ግን ክፍሉ ዝግ ነው። እሱ በሰሌዳ ላይ «ውሃ»፣ «ብርድ»፣ «በቃ» እየጻፈ እንዲያልቅ አልፈልግም። የሚስቅበትን ቦታ የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ለኔ ባይስቅም ይሳቅ።

ኦጋታ ከነገ ወዲያ ይመጣል፣ መለኪያውን ይዞ ሽቦውን ሊፈትን።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ኦጋታ ትንሿን መሣሪያ ወደ ቤት ከሚወርደው ገመድ ጋር አያያዛት። መርፌዋ ወደማይገባት ሄደች። ደጋገመው፣ ራሱን አከከ። ጁኪቺ ሳሎን ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል።

«አይሆንም፣ እትዬ ቶሞኤ። እንዲህ ሆኖ ቢላክበት ሬዲዮው ይቃጠላል። ሽቦው ረዝሟል። በጣም ረዝሟል።»

«ደብተሩ ላይ ያለውን ነው የቆረጥኩት። ሠላሳ ሦስት ሻኩ ከሦስት ሱን። ሁለቴ ለክቻለሁ።»

«በምን ለኩት?»

የቀርከሃ መለኪያዬን አመጣሁ። ኦጋታ ገና ሳይገባው፣ ከኋላዬ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ጁኪቺ ተነሥቷል። ከመሣሪያ ሳጥኑ የብረት ማዕዘን መለኪያውን አወጣና መለኪያዬን ከእጄ ወሰደ። ሁለቱን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የሱ አንድ ሻኩ አለቀ። የኔ አንድ ሻኩ ገና ሩብ ይቀረዋል።

ሁለት ሻኩ አለ። የአናጢ ሻኩ አለ፣ የጨርቅ ሻኩ አለ፣ የጨርቁ በሩብ ይበልጣል። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ አላውቅም? አርባ አንድ ዓመት ከአናጢ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ፣ እጄ ሳያመነታ የራሴን አነሣ።

ጁኪቺ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ታመመ ብዬ ያዝኩት። ከአንገቱ ቀዳዳ አየር ብቻ ፍስስ፣ ፍስስ ይላል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ቀድሞ የገባው ለኦጋታ ነው። «እየሳቀ ነው» አለኝ። እየሳቀ ነበር። እኔን እያየ። እኔም ጀመርኩ፣ ሦስታችንም በረንዳው ላይ ወገባችንን ይዘን።

ደስ የሚለው ደግሞ ስሕተቱ ወደ ረጅሙ ነው። ቢያጥር ኖሮ ሽቦው መጣያ ነበር።

ኦጋታ ቆራጭ ጉጠቱን አወጣ። «እዚህ ጋ ይቆረጣል።»

«አይቆረጥም» አልኩት። እኔም ደነገጥኩ፣ ጮክ ብዬ ነው። «እኛ ትርፍ ጨርቅ አንቆርጥም። ወደ ውስጥ አጥፈን እንሰፋዋለን፣ ሰውየው ቢወፍር ወይም ለልጅ ቢተላለፍ እንዲለቀቅ። ሽቦው መታጠፍ አይችልም?»

«ይችላል። በራሱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ከተጠመጠመ እንደ ተቆረጠ ነው የሚቆጠረው» አለ ኦጋታ። «መቆረጥ ደግሞ ይበቃዋል» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ኦጋታ አልጠየቀኝም። ጁኪቺም አየኝ እንጂ ሰሌዳውን አላነሣም።

አወረድነው፣ ጁኪቺ በብረቱ ለካ፣ እኔ አጥፌ ጠመጠምኩ፣ ጫፉን በሰም ክር ሰፋሁት። አሁን ሽቦው አጥሩን አያልፍም። ኦጋታ፣ «አዲስ ምሰሶ ጓሯችሁ ውስጥ መትከል ይቻላል» ሲል እትዬ ኩዋባራ ከአጥሩ ማዶ ነበሩ።

«የምን ምሰሶ? ገመዱ ከጥዴ አይወርድም። ፎጣውን ተጠቅሜበታለሁ።»

መርፌዋ ቦታዋ ገባች።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

አራት ቀን በሩን ዘግቶ ሲለማመድ ነበር። ቲክ፣ ቲክ፣ ታክ። ዛሬ በሩን ክፍት ተወው። ልግባ አልግባ እያልኩ የሻይ ትሪ ይዤ ደፉ ላይ ቆምኩ። ሳይዞር በእጁ ሁለተኛውን መቀመጫ ትራስ መታ መታ አደረገው። ተቀመጥኩ። በሠላሳ ዓመት እዚያ ክፍል ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ሰዓት። የኦጋታ ድምፅ ከጩኸቱ መሃል ወጣ። አንዱን ጠራ፣ መለሰ። ሌላውን ጠራ፣ መለሰ። ከዚያ የጁኪቺን ጠራና ዝም አለ። ሁሉም ዝም አሉ። እኔም እቆጥራለሁ። አራት ላይ ስደርስ የጁኪቺ እጅ ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ ነው፣ እንደ ጀማሪ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ።

«አለሁ ይላል» አለ ኦጋታ በራዲዮው። ድምፁ ተሰብሯል። «ወዳጆች፣ ጁኪቺ አለሁ ይላል።» ከሌሎቹ አንዱ ንፍጡን ሲያብስ በግልጽ ተሰማ።

ጁኪቺ ግን አላቆመም። ረጅም መታ። ኦጋታ ቃል በቃል ማንበብ ጀመረ፣ «ሽቦውን... የሰቀለችው... ቶሞኤ ናት። በጨርቅ ሻኩ... ለክታ። አሁን... አጠገቤ... ተቀምጣለች።»

ከዚያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሰማ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። «ቤት ያለችው» ነበርኩ። ሳቃቸው መጣ፣ አራት ሽማግሌ በአንድ ላይ፣ ከሰሜን ጫፍ ጭምር። «እትዬ ቶሞኤ፣ እንደምን አደሩ» አሉኝ። ለራዲዮው እጅ ነሣሁ።

ትሪውን ይዤ ስወጣ እትዬ ኩዋባራ በር ላይ ቆመዋል። «ቴሌቪዥኔ ላይ መስመር ይመጣል ይሄዳል፣ ይመጣል ይሄዳል።»

«ይቅርታ፣ አሁኑኑ እነግረዋለሁ።»

«ምንም እንዳትነግሪው። ሱሞው እሑድ ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በፊት የፈለገውን ይበል። መመለሱን ላጣራ ነው የመጣሁት።»

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

የመጀመሪያው ውርጭ። የደረቁት ካኪዎች ነጭ ስኳር ማውጣት ጀምረዋል።

ስለ ቋጠሮው ዛሬ ልነግረው ወስኜ ነቃሁ። ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስነሣ አልጋው ባዶ ነው፣ ከራዲዮ ክፍሉ ቲክ ቲክ ይሰማል። ወደ ስፌት ሳጥኔ ሄድኩ። የጠቀለልኩበት ጨርቅ ተጣጥፎ ከላይ ተቀምጧል፣ የእናቴ መቀስ እላዩ ላይ። የሳለበት ውሃ ገና ከእጀታው አልደረቀም። ቁራጭ ሐር አንሥቼ ሞከርኩት፣ እንደ ውሃ አለፈበት፤ የተሸረፈው ቦታ የለም።

ከሥሩ ሰሌዳው ነበር። እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ለንፋሱ ንገሪልኝ፣ የጨርቅ መቀስ ሽቦ አይቆረጥበትም።»

ከሥሩ «እነግረዋለሁ» ብዬ ጻፍኩና ሩዙን ልጥድ ተነሣሁ።